ባሏን ከወገን ያወጣች ዕለት

ዘቦቹ ሁለቴ ገብተው ሁለቴም ባዶ እጃቸውን ወጡ። «ውስጥ ማንም የለም» አሉ እያሳሉ። የመሬት ውስጥ መጋዘኑ የኤሌክትሪክ ገመድ ተቃጥሎ መብራቱ ከጠፋ ወዲህ ውስጡን ጭስ ሞልቶታል፤ የእጅ ባትሪ ቢያበሩበት ነጭ ግድግዳ ነው። በዚያ ጭስ ውስጥ የሚያየው የራስ ቁራቸው ላይ ያለው ሴንሰር፣ እነሱ «ዓይኑ» የሚሉት ብቻ ነው። እሱም ሎጋውን አላየውም።

ሎጋው ገመዱ ሲቃጠል ውስጥ የነበረው ተረኛ ዘብ ነው፤ የእሷ ባል። እሷ ደግሞ የራስ ቁሮቹን የምትጠግን ባለሙያ ናት።

«ታዲያ የት ገባ፣ መርፌ ነው?» አለቻቸው። ብላም ሳትጨርስ ክው አለች።

ዓይኑ በጨለማ የሰው ሙቀት ያያል። ባዕድ ሲያገኝ ቀይ ቀለበት ያጠልቅበታል፤ የለበሰው ሰው ቀለበቱ ላይ ካፈጠጠ ቁሩ ጨረሩን በራሱ ይተኩሳል። ወገን እንዳይመታ ደግሞ፣ ኮሌታው ውስጥ ምልክት የተሰፋለትን ሰው ጭራሽ ከእይታ ያጠፋዋል። ዘቦቹ ባዕድ እንጂ ወገን ፈልገውበት ስለማያውቁ ይህ ለማንም ትዝ አላለውም። የሎጋውን ምልክት በድርብ ክር የሰፋችው እሷው ናት፣ እንዳይላቀቅበት ብላ።

«አለቃ፣ ወገን ስለሆነ ነው የሸፈነባችሁ። ምልክቱን ከቁሮቹ መዝገብ ልሰርዝ።»

የዘቦቹ አለቃ ላቡን ጠረገ። «ጨረሩን ማጥፋትስ?»

«ባንድ ባትሪ ነው የሚሠሩት። እሱ ከጠፋ ዓይኑም ይጠፋል።»

«ልጆቹ ተሸብረዋል፣ እህቴ። ድንገት ቢያዩት ዓይናቸውን አይሰብሩም፣ ያፈጡበታል።»

«እንግዲያው እኔ እገባለሁ።»

አንዱን ቁር ተቀብላ ምልክቱን ሰረዘችበትና አጠለቀችው። ከባል ጋር መኳረፍ ያለ ነው፤ ባልን ጠላት አድርጎ በጨረር መፈለግ ግን የማን ትዳር ነው? አፏን በእርጥብ ጨርቅ አስራ ገባች።

ሳጥን። ቧንቧ። ደግሞ ሳጥን። ከዚያ፣ ከወደቀ መደርደሪያ ሥር፣ ቀዩ ቀለበት ቦግ አለ፤ መሃሉ ላይ ረጅም፣ ሙቅ ሰው። ሙቅ ከሆነ በሕይወት አለ። እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም፤ አይታ ልትጠግበው ፈለገች። ጨረሩ ሊተኩስ ጆሮዋ ሥር ማፏጨት ጀመረ።

ዓይኗን ጨፈነች። ቁሩን መንጭቃ አወለቀችና ወረወረችው፤ ከራስ ላይ ሲወልቅ ይጠፋል። በእንብርክኳ ድፍን ጨለማውን እየዳበሰች ትከሻ አገኘች፣ ከዚያ ደረት። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ማነው?» አለ፣ ድምፁ ሰልሎ።

«እኔ ነኝ፣ የኔ ጌታ።»

«ልጆቹ አጠገቤ አለፉ። ድምፄ አልወጣ አለኝ። አይተው የተዉኝ መስሎኝ ነበር።»

«አላዩህም እንጂ ማን ይተውሃል?»

ደረቱ ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ሰው መጥራት እንኳ ረሳች። ዘቦቹ ልቅሶዋን ተከትለው እስኪመጡ ድረስ፣ እግሩ ላይ መደርደሪያ የተጫነበት ሰውዬ ጀርባዋን መታ መታ እያደረገ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላት ነበር።