ክሎሪንዶ የሠራት ካርድ

ስክሪኑ ላይ «ተጠናቀቀ» የሚለው ቃል ብቅ እንዳለ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ኦቲሊያም የሟች ባሏ ጨዋታ የተቀዳበትን አዲስ ዲስክ መዥረጥ አድርጋ ከድራይቩ አወጣችው። የቫልፓራይሶ የአሮጌ ኮምፒውተር ወዳጆች ማኅበር ደንብ ነው፤ ቅጂ ሲያልቅ ይጨበጨባል፣ ዲስኩን የሚያወጣውም ባለቤቱ ነው።

«ወይኔ! ማንም ሰው ማጥፊያውን እንዳይነካ!» ሲል ቅጂውን ይሠራ የነበረው ፌርሚን ጮኸ።

ጭብጨባው ቀጥ አለ። የድራይቩ ቀይ መብራት አሁንም እንደበራ ነው።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ኦቲሊያ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዶኛ ኦቲሊያ፤ ልነግርዎት ይገባ ነበር። ድራይቩ ውስጥ ባለቤትዎ ክሎሪንዶ የሠራት የኤሌክትሮኒክስ ካርድ አለች። ኮምፒውተሩ የሚልከውን ቶሎ ትቀበልና በሆዷ ትይዘዋለች፤ ዲስኩ ላይ የምትጽፈው ረጋ ብላ ነው። ኮምፒውተሩ ጨረስኩ ሲል እሷ ገና ነች። የጨዋታው መጨረሻ አሁንም እሷ ጋ ነው። መብራት ከጠፋ አለቀለት።»

ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንገጫግጨዋል። በእንዲህ ያለ ቀን አዳራሹ ያለበት ኮረብታ መብራት አይታመንም።

«ከአሮጌው እንደገና ቅዱታ!» አለች ኦቲሊያ።

የፌርሚን ጓደኛ ኦስቫልዶ አሮጌውን ዲስክ ወደ መስኮቱ አነሳው። ቡናማ ሽፋኑ ሲነበብ ተልጦ ብርሃን ያሳልፋል። «ይሄስ ሞቷል» አለ።

ክሎሪንዶ ታሞ እየማቀቀ የሠራው ጨዋታ ነው፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ በማዕበል መሃል ወደ ቤቱ ይቀዝፋል። መጨረሻውን ማንም አላየውም። «ሲያልቅ ታዪዋለሽ» እያላት ነው የሞተው።

«ታዲያ ዲስኩን እንመልሰውና ትጻፈው!» አለ ኦስቫልዶ።

«አንተ ደግሞ! አንዳንዱ ካርድ የድራይቩ በር ከተከፈተ ሌላ ዲስክ ገባ ብሎ የያዘውን ይጥላል። አንዳንዱ ያው ዲስክ እስኪመለስ ይጠብቃል። ይህቺ የትኛዋ እንደሆነች የሚያውቀው ክሎሪንዶ ብቻ ነበር» አለ ፌርሚን።

ልጃቸው ከባሕር ሲዘገይ ክሎሪንዶ ሳህኑን ከገበታ አላስነሳም ይል ነበር። «አልመጣም አላለም እኮ» ይላታል፣ ሾርባው በረዶ ሆኖም ቢሆን። በዚህ የተነሳ ስንቴ ተጣልተዋል!

«ትጠብቃለች» አለች ኦቲሊያ።

«ከተሳሳትን መመለሻ የለውም፣ ዶኛ።»

«ካርድ አላውቅም፤ ባሌን ግን አሳምሬ አውቀዋለሁ።»

ዲስኩን አስገብታ በሩን ዘጋችው። ሞተሩ ዞረ። ድራይቩ አጉረመረመ፣ ቆም አለ፣ እንደገና አጉረመረመ። ከዚያ ቀይ መብራቱ ጠፋ።

«ጻፈችው!» አለ ፌርሚን፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ጨዋታውን ከፍቶ ወንበር ሳበላት። «አረፍ ይበሉ፤ እኔ ልጫወትና መጨረሻውን ላሳይዎት።»

በሕይወቷ ያንን ኮምፒውተር ነክታው የማታውቀው ኦቲሊያ ጀልባው የሚቀዘፍበትን የመጫወቻ ዱላ ከእጁ ወሰደችው።

«አይሆንም» አለች። «እቤቱ የማደርሰው እኔ ነኝ። የቱን እንደምጫን ብቻ ንገረኝ።»