የአክስቴ ቤት ስቅታ

መሥሪያ ቤታችን የመሬት ንዝረት የሚመዘግቡ ትንንሽ መሣሪያዎችን በየሰው ቤት ሲያስቀምጥ፣ አንዱ አክስቴ ዘንድ እንዲሆን ያማለድኩት እኔ ነኝ። መሣሪያው ከመካከለኛ ድስት አይበልጥም። በእቃ ቤቷ ሲሚንቶ ወለል ላይ በብሎን ካሰርኩት በኋላ አክስቴ ዳንቴል ይዛ መጣች።

"አክስቴ፣ ምን ልታደርጊው ነው?"

"እንግዳ ራቁቱን ይቀመጣል እንዴ?"

በስንት ልመና አስተውኳት።

ከዚያ ወዲህ ቤቷ ሌላ ቤት ሆነ። ልጆቿ ሥራ ይዘው ከሄዱ ጀምሮ ጭር ያለው ሳሎን መሣሪያውን ለማየት በሚመጣ ጎረቤት ሞላ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ልፈትሸው እመጣለሁ። ደስታዋን የሚቆረቁረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለተኛው መሣሪያ ከአጥሯ ማዶ፣ ልብስ ሰፊዋ ቤት መቀመጡ። ሁለቱ በአበባ፣ በመጋረጃ፣ በልጆቻቸው ውጤት ሲፎካከሩ የኖሩ ሴቶች ናቸው።

አንድ ቅዳሜ "የእኔ ምን አገኘ?" አለችኝ።

"ምንም። ጸጥ ያለ ቤት ነው ያለሽ።" ማመስገኔ ነበር።

"የእሷስ?"

"እዚያማ የስፌት መኪናው ቀኑን ሙሉ ሲያንቀጠቅጠው ይውላል።"

"ያልጠቀመውንስ ምን ታደርጉታላችሁ?"

"ወደ ሌላ ቤት ይዛወራል።"

ፊቷ ልውጥ አለ። እኔ ጅሉ ልብ አላልኩም።

በሳምንቱ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጉድ ፈላ። ከአክስቴ ቤት በኢንተርኔት የሚመጣው የንዝረት መስመር ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ ላይ ብድግ ብድግ ማለት ጀመረ፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። የመኪና አይደለም፣ የውሃ ፓምፕም አይደለም። "የአክስትህ ሰፈር ያለበት ኮረብታ ስቅ ብሎት ይሆናል" አለ አንዱ ባልደረባዬ፤ ስሙ "ስቅታ" ሆኖ ቀረ። ኃላፊያችን ዶክተሩ ከመሬት ሥር ጋዝ እየተንቀሳቀሰ ይሆናል ብለው ጠረጠሩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስክሪኑ ውስጥ ሊገቡ ምንም አልቀራቸውም።

"ግን ስቅታው እሑድ የለም" አልኳቸው።

"ኮረብታ እሑድ ያርፋል እንዴ?"

 እኔና ዶክተሩ ኮምፒውተራችንን ይዘን፣ ሳንነግራት፣ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ቤት ሄድን። የግቢው በር ክፍት ነው። ከእቃ ቤቱ ዱብ የሚል ድምፅ ይሰማል። ዶክተሩ ትንፋሻቸውን ዋጡ። በሩን ገፋ አደረግኩት።

አክስቴ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ መደርደሪያውን ይዛ፣ ከመሣሪያው አጠገብ ትዘላለች።

"በል ብላ!" ዱብ። "ብላ እንጂ የኔ ጌታ!" ዱብ።

"አክስቴ!"

ደንግጣ ስታርፍ ሽንኩርቱ ከመደርደሪያው ተንከባለለ።

"ምን ላድርግ?" አለች እያለከለከች። "የጎረቤቴ በስፌት መኪና ጠግቦ ሲያድር የእኔ ጦሙን ይደር?"

"እሑድስ?" አሉ ዶክተሩ በቀስታ።

"እሑድ ጉልበቴን አሳርፋለሁ።"

 አክስቴ የሁለታችንን ፊት አየችና ድምፅዋ ወረደ። "ልትወስዱት ነው አይደል? ውሰዱት። ብቻ ይሄ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱን እንዳይተው ይንገሩልኝ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ቢያንስ መሣሪያው ይመዘግበው ነበር።

ዶክተሩ ግን ኮምፒውተሩን የዱቄት ጆንያ ላይ ከፍተው "የልብስ ሰፊዋን መስመር አምጣ!" ብለው ጮኹ። አመጣሁ። በስፌት መኪናው ንዝረት መሃል ተሸፍኖ፣ ጥቂት ዘግየት ብሎ፣ የአክስቴ ዝላይ እዚያም ይታያል።

"እትዬ፣ ምን እንደሠሩ ያውቃሉ? ዝላይዎ እዚያ ለመድረስ የዘገየበት ጊዜ፣ ከታች ያለው አፈር ምን ያህል ልል እንደሆነ ይነግረናል። ልል አፈር ላይ ያለ ቤት መሬት ሲንቀጠቀጥ አብልጦ ይናወጣል። እኛ ይህን ለማወቅ መዶሻ ይዘን ሰፈር ለሰፈር መሬት ስንደበድብ ነው የምንውለው!"

"እኔን መዶሻ አሉኝ?"

"ምርጥ መዶሻ! መሣሪያው የትም አይሄድም። የስፌት መኪናው ብቻ ትንሽ ይቁምልን።"

አክስቴ አጥሩ ጋ ስትደርስ እግሯ መሬት የነካ አይመስለኝም።

"አንቺ! መኪናሽን አቁሚ! ለሳይንስ ልዘል ነው!"

"ምን ነካሽ ሴትዮ?" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች። ነገሩን ስትሰማ ግን ቆጣ አለች። "የእኔ ወለልስ አይዘለልበትም?"

"ይዘለላል!" አሉ ዶክተሩ። "ከሁለቱም በኩል ነው የምንፈልገው።"

ተራ በተራ ዘለሉ። አንዷ ስትዘል ሌላዋ በአጥሩ ላይ ትሳደባለች፤ "ይሄ ዝላይ ነው ማዛጋት?" እኔ መስመሩን እያየሁ በሳቅ እንባዬ ይፈሳል።

"የማን በለጠ?" አሉ ሁለቱም።

"እውነቱን ለመናገር እኩል ነው።"

"ውሸታም!" አሉኝ በአንድ አፍ።

ይሄኔ ዶክተሩ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀበቶአቸውን ሳብ አድርገው፣ እንደ ድንጋይ ዱብ አሉ። መስመሩ ከስክሪኑ ሊወጣ ደረሰ።

"ኧረ ዶክተር!" አለች አክስቴ እጇን እያጨበጨበች። "አሁንስ ቁንጣን ሊይዘው ነው! አንተ ልጅ፣ ቅዳሜ ስትመጣ ቀለል ያለ ጫማ አድርግ፤ ተራው ያንተ ነው።"