ባዶ ወንበር ካለ

አባቴ የግራ ዓይኑን ኦፕራሲዮን የሚሆንበትን ቀን ያወቅሁት አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ያለ አስታማሚ አይሠሩለትም፤ ተራው ካለፈ ደግሞ የሚቀጥለው ከአምስት ወር በኋላ ነው። አስታማሚው እኔ ነበርኩ። ሳይነግረኝ የቀረው ተኳርፈን አይደለም። በየቀኑ እንነጋገራለን፤ ከስድስት ሰዓት ከሩብ እስከ ስድስት ተኩል። ሰዓቱን የወሰንኩት እኔ ነኝ።

የምሠራው የውኃ መስመር ንድፍ በሚያዘጋጅ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው። እምቢ ማለት አልችልበትም። ማተሚያው ወረቀት ሲያኝክ የሚጠሩት እኔን ነው፤ መስኮቱ አልከፈት ሲል እኔን ነው። የፊት ለፊቱ ባልደረባዬ፣ የትኛውንም ወሬ ከመነሻው ጀምሮ ካላስረዳ ስለማይሆንለት ቃለ ጉባኤ የምንለው፣ ወንበሩን እየጎተተ ይመጣና «አንድ ደቂቃ ብቻ» ይለኛል። አመሻሽ ላይ ንድፌ ጠዋት የተውኩት መስመር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ሰንጠረዥ ሠራሁ። በቀይ ሰዓት ማንንም አላናግርም፤ በአረንጓዴ ሰዓት ለሰው ሁሉ ክፍት ነኝ። ጨካኝ እንዳልመስል ከታች «ለሁላችሁም ምንጊዜም አለሁ» ብዬ ጻፍኩና ቀጥዬ በቅንፍ «ከስምንት እስከ ዘጠኝ» አልኩበት። ሰኞ ጠረጴዛዬ ላይ ለጠፍኩት።

ቃለ ጉባኤ ቆሞ አነበበው።

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት።»

«ስለዚህ የለህም?»

«የለሁም።»

ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየሃያ ደቂቃው እየመጣ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «አንተዬ፣ ገና አልመጣህም?» ይለኛል።

ሰንጠረዡን ከልቡ ያከበረልኝ አባቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የአውቶቡስ ስምሪት ሠራተኛ ነበር። አንዴ እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሁለት ደቂቃ ዘግይታ፣ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች ስትመጣ እያያት አውቶቡሱን አስነሥቶባታል። ማታ ስታኮርፈው «የሁለት ሰዓቱ መኪና የሚነሣው ሁለት ሰዓት ነው» አላት፤ ይቅርታ የጠየቀ መስሎት ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ሰዓት ሲሰጡት ስልኩ ልክ ስድስት ከሩብ ላይ ይጮሃል።

«ተነሥተናል» ይላል። ሰላምታው ይኸው ነው። «አንደኛ፣ የእህትህ በር አልዘጋ ብሏል፤ ሄደህ እይላት። ሁለተኛ፣ የጎረቤታችን ልጅ የሥራ ማመልከቻ ጽፎ እንድታርምለት ይፈልጋል። ሦስተኛ...»

ስድስት ተኩል ሲሆን ቃሉ ግማሽ ላይ ቢሆንም ያቆማል።

«ሰባተኛው ለነገ ይደር። ደህና ዋል።»

«አባዬ፣ ሰባተኛው ምንድን ነው?»

«ሰዓት ሞላ አልኩህ እኮ!» ይልና ይዘጋዋል።

እውነት ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ለባልደረቦቼ ስለ ጊዜ አጠቃቀም አጠር ያለ ሥልጠና ልስጣችሁ ለማለት ዳር ዳር ሁሉ ብያለሁ። ሰባተኛው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያድር፣ በተረፈኝ ጊዜ ምን ሠራሁ? ሰንጠረዡን አሻሻልኩ። ብርቱካንማ ጨመርኩበት። ንድፉ እዚያው መስመር ላይ ነው።

ረቡዕ ዘጠኝ ተኩል ላይ፣ ደማቅ ቀይ ውስጥ ሆኜ፣ የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«ከዓይን ክሊኒክ ነው» አለች አንዲት ነርስ።

«ይቅርታ፣ እኔ ስልክ የምቀበለው ከስድስት ከሩብ...»

«እኔ ደግሞ የምደውለው አሁን ነው። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት አባትዎን ይዘው እንዲመጡ። አስታማሚ ብለው ያስመዘገቡት እርስዎን ነው። ካስመዘገቡዎት ሦስት ሳምንት ሆኗል እኮ፤ አልነገሩዎትም?»

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ወዲያው አባቴ ጋ ደወልኩ።

«ምን ሆንክ?» አለ ደንግጦ። «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው እኮ!»

«አባዬ፣ ሰባተኛው ዓይንህ ነበር?»

«ዛሬ ይደርሳል ብዬ ነበር። የእህትህ በር አስረዘመብኝ።»

«ለምን አንደኛ አላደረግኸውም?»

«እንዴት አድርጌ?» አለ፣ የማይጠየቅ ነገር የጠየቅኩት ይመስል። «ተሳፋሪ ይቀድማል። የድርጅቱ ሠራተኛ የሚሄደው ባዶ ወንበር ካለ ነው።»

ፈቃድ ልጠይቅ ወደ አለቃዬ ሄድኩ። በሩ ላይ የእኔ ሰንጠረዥ፣ ከነብርቱካንማው ተገልብጦ ተለጥፏል። ቀይ ነው። እጄን አንሥቼ መለስኩ፤ ደግሜ አነሣሁና አንኳኳሁ።

«የተለጠፈውን አላየኸውም?» አለኝ።

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «አባቴን ነገ ክሊኒክ ማድረስ አለብኝ።»

«ንድፉስ? ነገ እኮ ነው የሚፈለገው።»

«ቃለ ጉባኤ ይጨርስልኛል» አልኩ፤ ሰውየውን ገና ሳልጠይቀው። ስጠይቀው ወንበሩን እየጎተተ መጣና «በል፣ ከመነሻው አስረዳኝ» አለ። ሥራው ግማሹ እንኳ አለመሠራቱን ሲያይ አንገቱን አቀርቅሮ ሰንጠረዡን አየ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል አባቴ ግራ ዓይኑ ተሸፍኖ ክሊኒኩ ኮሪደር ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ አጠገቤ ተቀምጧል። በደህና ወጥቷል። የቀኙም ብዙ አያይለትም።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ስድስት ከሩብ።»

«ተነሥተናል» አለና ከደረት ኪሱ ትንሽዬ ደብተር አውጥቶ ሰጠኝ። «ዛሬ አንተ አንብብ።»

እያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ አለው፤ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ሰባተኛው «ዓይን» ይላል። የረቡዕ ገጽ ላይ ስምንተኛም ነበረ። በተንጋደደ ፊደል «ልጁ ሥራ በዝቶበታል፤ ብዙ እንዳልይዘው» ይላል። እሱን ጮክ ብዬ አላነበብኩትም። አንደኛውን አነበብኩ። የእህቴን በር፣ ቅዳሜ እሄዳለሁ አልኩ።

ስድስት ተኩል ሲሆን «ደህና ዋል» አለኝ። የያዘውን ክንዴን ግን አልለቀቀውም።

ስልኬ ጮኸ። ቃለ ጉባኤ ነው።

«አንተዬ፣ አለህ? አንድ ደቂቃ ብቻ...»

«ማነው?» አለ አባቴ።

«ተሳፋሪ ነው።»

«ሞልቷል በለው።»