ወደ ውስጥ የሚከፈት በር

አርክቴክቱን ባልደረቦቹ «ማስመሪያው» ይሉታል። ሻይ ሲጠጣ እንኳ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ካላስተካከለ አይረጋም። ለሰው ሁሉ ቤት ሲነድፍ ኖሮ ለእናቱ የነደፈ ጊዜ ታዲያ ጥንቃቄው ቅጥ አጣ። የየዕቃው ዓይነትና ጥራት በሚጻፍበት ዝርዝር ላይ ለእማ ከምርጥ በታች የገባ ነገር የለም። ሌላው ሰው ለመታጠቢያ ቤት ውስጡ ባዶ የሆነ ቀላል በር ሲያዝ፣ እሱ ድፍን እንጨት ይሁን አለ።

ንድፉን ሲያሳያት እማ ጣቷን ያሳረፈችው እዚያው በር ላይ ነው።

«ይሄ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው?»

«አዎ እማ።»

«ወደ ውጪ አድርግልኝ። ጉልበቴ እንደሆነ ከድቶኛል፤ ድንገት በሩ ሥር ብወድቅ በየት ትገባላችሁ?»

«ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ የሚያልፈውን ሰው ይመታል። ደግሞ ምን ሆነሽ ትወድቂያለሽ?»

እማ ሳቀች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ልጄ ሁለቱንም ሆነህብኝ አረፍክ።»

እውነቱን እንናገር ከተባለ ኮሪደሩን ትንሽ ማስፋት ይቻል ነበር። ግን ግድግዳው ከተነካ ዓምዱ፣ ዓምዱ ከተነካ ጣሪያው ሊነካ ነው፤ ያለቀ ንድፍ ማፍረስ ደግሞ ለማስመሪያው ሞቱ ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ቤቱም እንደተነደፈው ተሠራ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቱን ሊጠይቅ ሲገባ፣ አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቱና አንድ ጎረቤት ኮሪደሩ ላይ ቆመው አገኛቸው። እማ መታጠቢያ ቤት ወድቃ፣ ጭንቅላቷን ተመትታ፣ በሩን ተደግፋ ተጋድማለች። በገፉት ቁጥር ታቃስታለች። ማጠፊያው እንዳይፈታ በውስጥ በኩል ነው። መስኮቱም እማ ከውጪ እንዳትታይ ብሎ ራሱ ያጠበበው ስለሆነ ሰው አያሳልፍም። አናጺ ተጠርቶ መጋዝ ይዞ ሲመጣ ያ ድፍን እንጨት አልበገር አለ። ማስመሪያው በሕይወቱ እንደዚያ ጠዋት መጥፎ ዕቃ ለማየት ተመኝቶ አያውቅም።

«የቱ ጅል ነው በሩን እንዲህ ያደረገው?» አለ ጎረቤቱ ተናዶ።

የእማ ድምፅ ከውስጥ ቀጠን ብሎ መጣ። «እኔ ነኝ። ልጄማ ወደ ውጪ ይሁን ብሎ ለምኖኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

ማስመሪያው አፉን ከፈተ። የወጣው ቃል ግን ለአናጺው «ቶሎ በል!» የሚል ብቻ ነበር። እማም ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። በሩ ተቆርጦ ሲገቡ ሕይወቷ አልፏል።

ለቅሶ ቤት የመጣው ሁሉ «ከሞቷ አሟሟቷ» እያለ ያነባል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ለመጣ ሰው ሁሉ ያወራል። «ምን ያደርጋል፣ እልኸኛ ነበሩ። ልጃቸው እየለመናቸው እኮ ነው!» ሰውም ወደ ማስመሪያው ዞሮ በሐዘኔታ ያየዋል። ከስድብ ይልቅ ያ አስተያየት አቃጠለው። ሲብስበት ተነስቶ እህቱ ብርጭቆ ወደምታጥብበት ወጥ ቤት ገባ።

«እታለም፣ እማ ዋሽታ ነው። ወደ ውጪ ይሁን ያለችው እሷ ነች፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ወጥቼ ልናገር ነው።»

እህቱ ከብርጭቆው ቀና አላለችም። «አውቃለሁ። የዚያኑ ቀን ነግራኝ ስንስቅብህ ነው የዋልነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

ብርጭቆውን ደፍታ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ዓይኗ ደም መስሏል።

«የቀረቻትን ትንፋሽ ለዚያች ቃል ነው ያዋለቻት» አለች። «አሁን አንተ ወጥተህ ውሸታም ታደርጋታለህ?»

ሳሎን ውስጥ ጎረቤቱ ለአዲስ መጪዎች ወሬውን ጀምሯል። ማስመሪያው ተመልሶ ገባና አጠገቡ ተቀመጠ፤ የእናቱን እልኸኝነትና የራሱን ደግነት እስከ መጨረሻው አንገቱን ደፍቶ ሰማ።