በማር የተለወሰው ሥር

«እናንተም አታውቁትም ማለትሽ ነው?» አሉ መሪጌታ ደጅይጥኑ፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው።

ስልኩን የያዘችላቸው ልጃቸው ሰላማዊት ናት። ኔትወርኩ እንዳይቆራረጥባቸው ከሰቆጣ ከተማ በላይ፣ ከደብሩ አጥር ሥር ተቀምጠዋል። የደወለችው አዲስ አበባ ካለ ሆስፒታል ፀጋ የምትባል ነርስ ናት።

«አዎ መሪጌታ፣ የትኛው እንደሚሻል በዚህ ጥናት ለማወቅ ነው የምንሞክረው» አለች ፀጋ። «ሁለቱም መድኃኒቶች ሰውነትዎ ራሱ ዕጢውን እንዲዋጋ የሚያነቁ ናቸው። ግማሹ ታማሚ አንዱን ብቻ፣ ግማሹ ሁለቱን አንድ ላይ ይወስዳል። የሚደርስዎት በዕጣ ነው።»

ዕጣው አልገረማቸውም፤ ሐዋርያው ማትያስም የተመረጠው በዕጣ ነው። ግራ የገባቸው ሌላ ነው። አምና ተረከዛቸው ላይ የወጣችው ጥቁር ነገር፣ እሾህ ናት ብለው የናቋት፣ ዛሬ ብሽሽታቸው ላይ አብጣ ሳንባቸው ደርሳለች። ደሴ ያያቸው ሐኪም ኦፕራሲዮን ከእንግዲህ አይጠቅምም ብሏቸዋል። ታዲያ አላውቅም የሚል ሐኪም ዘንድ ይህን ሁሉ መንገድ መሄድ ምን ይባላል? ደግሞስ ባይሄዱ?

«በጥናቱ የቀረን አንድ ቦታ ነው» ቀጠለች ፀጋ። «ጥቂት ልጠይቅዎት። የባህል መድኃኒት ይወስዳሉ?»

ሰላማዊት ስልኩን በመዳፏ ከደነችው። «የለም ይበሉ አባየ! ጠበሉ እንደሆነ ውኃ ነው፣ ማን ይከለክላል።»

ያሰቡት ግን ጠበሉን አልነበረም። መሪጌታ ዕፅ አዋቂ ናቸው፤ ከአበርገሌ እስከ ጋዝጊብላ በሽተኛ ይመጣባቸዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉ ስንቱን አናዘዋል። እሳቸው ግን መድኃኒቱንም ደበቁ፤ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሥር ቀጥቅጠው፣ በማር ለውሰው፣ ጠዋት ጠዋት ብቻቸውን ይውጣሉ። የዚያን ሥር ስም ደግሞ አባት በሞት አፋፍ ላይ ካልሆነ ለልጁ አይነግርም።

«የምወስደው ሥር አለ» አሏት በሹክሹክታ።

ሰላማዊት ደነገጠች። «ይህን ከሰሙ ይተዉዎታል! ከዛሬ ጀምሮ አይውሰዱት። ማን ያውቃል?»

ማን ያውቃል! ቢድኑስ፣ ያዳናቸው የሆስፒታሉ መድኃኒት ነው ወይስ ሥሩ? ወጣት ሳሉ አንዲት ዜማ አጣመው አስተምረው ነበር። ተማሪው ሰሃላ ወርዶ መምህር ሆነ፤ ያቺ ጠማማ ዜማ ዛሬም እዚያ ደብር ትዜማለች። ሊያርሟት ሁለት ጊዜ በእግራቸው ቢሄዱም፣ የደብሩ ሰዎች «ከእርስዎ የመጣች አይደለችም እንዴ?» ብለው መለሷቸው። አሁንም እሳቸው ዋሽተው ቢድኑ፣ ከኋላቸው የሚመጣው በሽተኛ ሁሉ በጠማማ ዜማ ሊታከም ነው።

«ሄሎ? መሪጌታ፣ ይሰማሉ?»

ፈሩ። መኖር ይወዳሉ፤ የዚችን ልጅ ሠርግ ማየት ይፈልጋሉ። የሰላማዊትን መዳፍ ቀስ ብለው ከስልኩ ላይ አነሱ።

«አለሁ ልጄ። እስክርቢቶ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«እንግዲያስ ጻፊ፤ የምወስደውን ሥር ስሙን እነግርሻለሁ።»