ሰማያዊ መስመር በነጭ ሳቲን ላይ

«ይሄን ማነው ያሰመረበት?» አለች ኢሶኬን፣ ቬሎውን ከላስቲኩ አውጥታ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ እንደዘረጋችው።

ከጉልበት በታች፣ ስንጥቁ ባለበት ጎን፣ ስንዝር የሚሞላ የእስክሪብቶ መስመር ነጩን ሳቲን አቋርጦታል።

ሙሽራዋ ኡዋይላ ወደ እናቷ ዞር አለች። ሠርጓ ከነገ ወዲያ ነው። እናቷ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የአንገቷን ላብ ትጠርጋለች።

«እትዬ ፓሺየንስ ናቸው» አለች እናትየዋ። «የቤተ ክርስቲያናችን የጋብቻ ኮሚቴ ሰብሳቢ። ቬሎውን ሳያዩ እንደማያሳልፉ ታውቂ የለ። ስንጥቁ በዝቷል፣ እስከዚህ ይዘጋ አሉና አሰመሩበት።»

«በእስክሪብቶ?»

«እንዳይረሳ ብለው ነው።»

ኢሶኬን በአውራ ጣቷ ነካችው። ቀለሙ ክሩ ውስጥ ገብቷል። ቢፈተግ ጨርቁ ይሻክራል፤ ውኃ ቢነካው ዙሪያውን ቀለበት ሠርቶ ይቀራል። ከዚህ ሳቲን ጋር ስንት ቀን ታግላለች። አልቀመጥ እያለ ከጠረጴዛው ሲንሸራተት ከሥሩ ወረቀት አንጥፋ ቆርጣዋለች። የስፒል ቀዳዳ የማይደፈን ስለሆነ ስፌቱ ከሚውጠው ጠርዝ ውጭ አንድም ስፒል አልሰካችበትም። ቀሚሱ በራሱ ክብደት ወርዶ እስኪረጋ ሰቅላ ጠብቃ ነው የቀመቀመችው።

«ስንጥቁ ከጉልበት አያልፍም። ይሄ ከተዘጋ በምን ትራመዳለች?»

«እኔም ብያቸው ነበር» አለች ኡዋይላ። «ሙሽራ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው አሉኝ።»

ኢሶኬን ቬሎውን መልሳ ላስቲኩ ውስጥ ከተተችና ሱቋን ቆለፈች። እናትየዋ «ተይ ልጄ፣ ነገር አታብዢ» እያለች ብትለምናትም ሦስቱም በአንድ ባጃጅ ሄዱ።

የኮሚቴው ሦስት ሴቶች ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው አዳራሽ ተቀምጠው ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ። ኢሶኬን ቬሎውን ፊታቸው ዘረጋችው።

«እትዬ፣ ይሄን መስመር በምን ላጥፋው?»

እትዬ ፓሺየንስ ቀና እንኳ አላሉም። «ከሱቅሽ ይዞት የመጣው ነው። ሰው ነጭ ሲሰፋ እጁን ይታጠባል።»

የኢሶኬን ጆሮ ጋለ። ትንሽ ነገር ነው ተብላ እንደምትመለስ ነበር የጠበቀችው፤ ይሄን አላሰበችም። እዚህ ቤኒን ሲቲ፣ እዚህ ሰፈር፣ የኢሶኬን እጅ ቬሎ ያበላሻል የሚል ወሬ ከወጣ ደጇን የሚረግጥ ሙሽራ አይኖርም።

«እኔ ፊት ነው ያሰመሩት» አለች ኡዋይላ።

«አንቺ ዝም በይ። ገና ሳታገቢ ምላስ አወጣሽ?»

ዳር ላይ የተቀመጡት ቀጭን አሮጊት የኦቾሎኒውን ገለባ እፍ አሉና፣ «እስክሪብቶው የኔ ነው፣ ፓሺየንስ» አሉ። «አውሺኝ ብለሽ ከቦርሳዬ አወጣሁልሽ። እስካሁንም አልመለስሽልኝም።»

ሦስተኛዋ ሴትዮ ሳቋን በሽርጧ አፈነች። እትዬ ፓሺየንስ እስክሪብቶውን ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ሥር አውጥተው ወደ አሮጊቷ ገፉት።

«እሺ፣ እኔ ነኝ። ለሥርዓት ብዬ ነው። ስንጥቁ ካልተዘጋ ግን ፓስተሩ ዘንድ አላሳልፋትም።»

«የሙሽራውን ሱሪስ ማን አየው?» አለች ኢሶኬን።

«የምን ሱሪ?»

«ጠቦ ይሁን ሰፍቶ፣ ማን አየለት? በእስክሪብቶ ያሰመራችሁበት ሱሪ ካለ አሳዩኝ።»

«ወንድ ደግሞ ምኑ ይታያል?» አሉ እትዬ ፓሺየንስ፣ ኦቾሎኒያቸውን ወደ መፈልፈል እየተመለሱ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

ሱቅ ሲመለሱ እናትየዋ፣ «ዝጊው በቃ፣ በኔ ሞት» አለች። «ሰው ተጠርቷል፤ የሙሽራው ዘመዶች ከዋሪ ከተማ ተነስተዋል።»

ኢሶኬን ቀለሙን የምትሸፍንበት የዳንቴል ቁራጭ ከሳጥኗ ፈልጋ አወጣች። ኡዋይላ እጇን ያዘቻት።

«ተይው። ይታይ።»

«ፎቶው ላይ ይወጣል እኮ።»

«ይውጣ። ልጆቼ ይሄ ምንድነው ሲሉኝ የእትዬ ፓሺየንስን ስም ጠርቼ እነግራቸዋለሁ።»

እናትየዋ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

የቀረው ስንጥቁ ነው። ኢሶኬን የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጣ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስገባች፤ ግን ፔዳሉን አልረገጠችም። በመኪና ከተዘጋ በኋላ ቢተረተር የመርፌው ቀዳዳ እንደ ጉንዳን መንገድ ተደርድሮ ይቀራል። ጨርቁን መልሳ ሳበችው። ካሏት ሁሉ ቀጭኗን መርፌ መረጠች፣ ረጅም የሐር ክር አስገባችና ወደ ውስጥ የታጠፉትን ጠርዞች ብቻ እየነካካች ከመስመሩ ወደ ላይ በእጇ ወሰወሰችው። መነሻውም መጨረሻውም ላይ አልቋጠረችውም። የክሩን ጫፍ ጉልበቱ ጋ ለቀቀችው።

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዝግ ነው፤ ማንም አይናገርሽም» አለቻት። «ደጁን ስትወጪ ይቺን መሳብ ነው። ባንዴ ይለቃል።»

ኡዋይላ ጫፉን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ወደ እናቷ ዞረች። እናትየዋ ከአግዳሚው ተነስታ መጣች፤ ጎንበስ ብላ ክሩን አየችው፤ መነጽሯን አድርጋም ደግማ አየችው።

«አንቺ አበባ ትይዣለሽ» አለች። «እኔ እስበዋለሁ።»