ከዓለም ጥፋት የተረፈ ካውያ

ከመድኃኒት ቤት ሥራዋ ፈቃድ ወስዳ፣ ፊቷን ከሰል ተቀብታ፣ ከአንድ ጢማም ጋር ክፍል ዘግታ የምትውል ልጅ ምን ነክቷት ነው? ስነሳም ስቀመጥም የማስበው ይህንኑ ነበር፤ መልስ ግን አላገኘሁለትም። ልጅቷ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ለሥራ ሩቅ አገር ከሄደች ወዲህ እኔው ነኝ ያሳደግኋት፤ ብታስል የሚያመኝ እኔን ነው።

ፊልም ነው አሉኝ። ዓለም ተቃጥሎ አልቆ አንዲት ሴት ብቻ ትተርፋለች፤ ከዚያ ወደ ድሮ ዘመን ተመልሳ አባቷን ልታስጠነቅቅ ትሄዳለች። ወደ ድሮ የሚወስዳት ነገር የኛው የተበላሸ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ጢማሙ የማሽኑን ጀርባ ፈቶ ባለቀለም መብራት ሰካበት። የተቃጠለው ዓለም ደግሞ የኔው ጓዳ ነው፤ አመድ በተኑበት፣ ወንበር ገለበጡበት፣ በቃ ዓለም ጠፋ ተባለ።

ጢማሙ ካሜራ ተሸክሞ ሲመጣ አንገቱን ሰበር አድርጎ "እማማ፣ እንደምን ዋሉ" ይለኛል። ለአሮጊት እንዲህ የሚሽቆጠቆጥ ጎረምሳ አላምንም። ካሜራው ውስጥስ የሚቀረጽ ነገር መኖሩን ማን አየ? ልጅ ለማታለል ባዶ ሣጥን ተሸክሞ የሚዞር ስንቱ ነው። ስለዚህ በሩን በዘጉ ቁጥር ሻይ የማቀርብ መስዬ ትሪ ይዤ ኮሪደሩ ላይ እቆማለሁ። በሩ ደግሞ አርጅቷልና በደንብ አይገጥምም፤ ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል።

አንድ ቀን ምሳ ስንበላ ቀስ ብላ ነገሩን አወጣችው። የሲኒማ ቤት ባለቤት ፊልሙን ሊያይ ቤታችን ይመጣል፤ ከወደደው ያሳየዋል። ከዚያ በየከተማው ይዘውት ይዞራሉ፤ እሷም መድኃኒት ቤቱን ትለቃለች። "ይዘነው" ስትል እሷና ጢማሙ ማለቷ ነው። "ይቅናሽ" አልኳት በአፌ። በሆዴ ግን፣ እኔ እያለሁ ይሄ ፊልም አይወደድም አልኩ።

የሲኒማ ቤቱ ባለቤት የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ከመግዘፉ የተነሣ ለወንበሩ ፈራሁለት። መጋረጃ ዘግተው ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጠሩ። እኔም ማንም ሳይጠራኝ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ፊልሙ ተጀመረ፤ ዓለም ጠፋ። ከጠፋው ዓለም ጀርባ ግን ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። "ያ ሰማያዊው የጎረቤታችን ሱሪ ነው" አልኩት በሹክሹክታ። ሰውየው ፈገግ አለ። ልጅቷ ገና ሳትወለድ ወደነበረው ዘመን ስትመለስ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የዘንድሮ የቀን መቁጠሪያ ነው፤ እሱንም ጠቆምኩት። አባትየው ጢማሙ ነው፤ የሚያሳድዳት ጠላትም ጢማሙ ነው፣ ኮፍያ ደፍቶ። "ኮፍያ ከሚፈልግ ጢሙን ቢላጭ ምን ነበረበት" አልኩ፣ አሁን ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሰውየው ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ነፍስ የለበትም በተባለው ጎዳና አውቶቡስ አለፈ፤ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ ለካሜራው እጁን ያውለበልባል። ደስ አለኝ። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይመጣልኛል። ልጅቷ ከኋላችን ቆማለች፤ እኔ ግን ዞሬ አላየኋትም።

ከዚያ ልጅቷ የለበሰችው ካፖርት መጣ። ከፍርስራሹ ስትወጣ ጥላሸት የጠጣ፣ ጭቃ የለበሰ ነው። በሩን አልፋ ስትገባ ደግሞ ያው ካፖርት ንጹሕ ሆኖ፣ እጅጌው ላይ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"ዓለም አልቆ ካውያ ተርፏል እንዴ?" አለ ሰውየው ጉልበቱን እየመታ።

ካውያው የኔ ነው። ያን ቆሻሻ ለብሳ ቆዳዋን እንዳያሳክካት ብዬ፣ ሥራቸውን ጨርሰው በወጡ ቁጥር አጥቤ፣ ተኩሼ እሰቅልላት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ለምን ብላኝ አታውቅም።

የፊልሙ መጨረሻ ላይ ልጅቷ ባዶ ክፍል ውስጥ ተንበርክካለች። እንባዋ በጥላሸቱ ላይ መንገድ አውጥቷል። "በምድር ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ" ትላለች፤ አባባሏ ሆድ ያባባል፣ ሰውየው ራሱ ሳቁን አቁሞ ነበር። ከበስተኋላዋ በሩ ገርበብ አለ። በክፍተቱ አንዲት ሻሽ ያሰረች አሮጊት፣ ትሪ ይዛ፣ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ ታያለች።

አሮጊቷ እኔ ነኝ።

ሰውየው አንዴ አንሶላውን፣ አንዴ እኔን እያየ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሲበርድለት ዳይሬክተሩ ማን እንደሆነ ጠየቀ። እኔ ፈጠን ብዬ ወደ ጢማሙ ጠቆምኩ። ጢማሙ ራሱን ነቀነቀ፤ እሱ ካሜራማን ብቻ መሆኑን፣ የጻፈችውም ያዘጋጀችውም እሷ መሆኗን ነገረው።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ" አለች ልጅቷ። "ልብሱንም በሩንም ልብ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ።"

ሰውየው ተነሣ። ይህን ቢያሳይ ተመልካቹ እንደሚሳለቅበት በደግ አንደበት አስረዳት፤ የሚያስቅ ፊልም ከሠራች ግን ተመልሳ እንድትመጣ፣ እኔንም ከፊልሙ እንዳትቀንሰኝ ነገራት። ሁላችንንም ጨብጦ ወጣ።

ንዴቴን ጢማሙ ላይ አወረድኩት። ካሜራ ይዞ እያየ፣ እኔን በሩ ላይ አቁሞ እንዴት ይቀርጻል? የሠራው ተንኮል ነው አልኩት።

"የዚያኑ ቀን አይተነዋል፣ እማማ" አለኝ ሽቦውን እየነቀለ። "እንደገና እንቅረጸው ብያት ነበር። 'ስታየን እንዳየናት ካወቀች ታፍራለች፣ ተወው' አለችኝ።"

ዓይኑን አተኩሬ አየሁት፤ ውሸት ፈልጌ አጣሁ። አፌ ግን አያርፍምና ወደ ልጅቷ ዞርኩ።

"ነገ እንግዲህ መድኃኒት ቤት ትገቢያለሽ አይደል፣ የኔ ልጅ?"

አንሶላውን ከግድግዳው አወረደች፤ ጫፉን ከጫፉ አገናኝታ አጥፋ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ወደ በሩ ስታመራ ጢማሙ ተከትሏት ይወጣል ብዬ በዓይኔ ጠበቅኩት። እሱ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሽቦውን ይጠቀልላል። እሷ ጫማዋን አጠለቀች፣ ሹራቧን ሳትደርብ በሩን ከፈተች፣ ከኋላዋ በቀስታ ዘግታ ወጣች።